ነዳጅ ሲያልቅ የመጣ እርቅ

ነሐሴ 16፣ እሑድ

ዛሬ ነገሩኝ። ከማል ሞቷል።

ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም ብዬ ደብተሩን ዘግቼው ነበር። እንቅልፍ እምቢ አለ። እንግዲህ እንደሆነው ልጻፈው።

በዚህ አገር ሰው ሳይደውል ሰው ቤት አይመጣም። ወርቅውሃ እንኳ ከእኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ሆና «ልውረድ?» ብላ ትጽፍልኛለች። ዛሬ ገና ሳይነጋ በሩ ተንኳኳ። በእሑድ ማለዳ ዙሪክ ዳር ባለው ሰፈራችን፣ ሽዋመንዲንገን ውስጥ የሚነቃው ወፍ ብቻ ነው። በበሩ ቀዳዳ ሳይ ሐጂ መሐመድሁሴን ናቸው፤ ከዲቤንዶርፍ ከተማ ድረስ መጥተዋል። በዚህ ሙቀት ጋቢ ለብሰዋል። ከኋላቸው ደረጃው ሙሉ ሰው ነው፤ አንድም የሚያወራ የለም።

አልከፈትኩም። ሁለት ወንዶች ልጆች አሉኝ ኮምቦልቻ።

«ማንኛው ነው?» አልኩ በተዘጋው በር።

«ልጄ፣ ክፈቺ። በበር አይነገርም» አሉ ሐጂ።

«ማንኛው እንደሆነ ንገሩኝና እከፍታለሁ።»

ወርቅውሃ አልቻለችም። «ከሙዬ!» ብላ ጮኸች። መርዶዬን የሰማሁት እንዲህ ነው፣ ሰውን ሳላይ፣ እንጨት እያየሁ።

አላህ ይቅር ይበለኝ፣ መጀመሪያ የመጣብኝ «ዐብዱ አይደለም» የሚል ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን አላስታውስም። ልጄ ሉበና ጥቁር ሻሽ አምጥታ ራሴ ላይ አሰረችልኝ። ከየት እንዳመጣችው እንጃ፤ ቤታችን ውስጥ ጥቁር ሻሽ አልነበረም። ከታች ያለችው አሮጊት መጥታ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች፤ ዛሬ እሑድ ነው፣ ጸጥታ ነው አለች። ሉበና በጀርመንኛ ነገረቻት። አሮጊቷ ወረደች፤ ቆይታ ኬክ ይዛ መጣችና በራፉ ላይ አስቀምጣ ሄደች።

ነሐሴ 18

ሥራ ቦታዬ ደወልኩ። የማጸዳው የአረጋውያን ቤት ነው። ልጅ ለሞተበት ሠራተኛ ሦስት ቀን ይፈቀዳል አለችኝ አለቃዬ። ቤት ለሚቀይር ደግሞ አንድ ቀን። እንግዲህ ልጅ መቅበር ሦስት ጊዜ ዕቃ እንደ ማጓጓዝ ነው። ያውም መቅበር ካለ። የከማልን መቃብር የሚያውቅ የለም። «በክብር አርፏል» ይላል ከሠራዊቱ የመጣው ወረቀት። የት? እሱን አይልም።

ነሐሴ 21

ሰው አሁንም ይመጣል። ወንዶቹ ሳሎን፣ ሴቶቹ ኩሽና። እኔ መኝታ ቤት ተጋድሜ የተኛሁ መስዬ ነበር። ኩሽና ውስጥ ሁለት ሴቶች ብርጭቆ እያጠቡ ያወራሉ።

«እኔማ የሰማሁት ከስብሰባው በፊት ነው።»

«ማን ነገረሽ?»

«የኮሚቴው ሰዎች ናቸዋ። አቶ መልአኩ ‹እስኪያልፍ ይቆይ› አሉ። ሰዉ ይረበሻል ብለው።»

«ጠይባ ጉትቻዋን ፈትታ ስትሰጥ መሬት ተከፍቶ በዋጠኝ ነው ያልኩት።»

«ኧረ ቀስ በይ፣ ትሰማለች።»

ሰማሁ።

የምን ስብሰባ እንደሆነ ልጻፍ። በሐምሌ ለግንባር ስንቅ ተብሎ ጄኔቭ ላይ ገንዘብ ተሰበሰበ። ሊቀመንበሩ አቶ መልአኩ ናቸው፣ ጄኔቭ ዳር ካሩዥ የሚኖሩት፣ ዓለም አቀፍ መሥሪያ ቤት የሚሠሩት። ከዙሪክ በባቡር ሞልተን ሄድን። «ብር ያላችሁ ብር፣ ወርቅ ያላችሁ ወርቅ!» ተባለ። ከበሮ ተመታ። ስለ ጉትቻው ሌላ አልጽፍም።

ያን ቀን ልጄ ሞቶ ነበር። እነሱ ያውቁ ነበር። እያዩኝ አጨበጨቡልኝ።

ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ደብተር ላይ መልአኩን አንቱ አልለውም።

ማታ

ወርቅውሃ ሾርባ ይዛ ወረደች። «አውቀሽ ነበር?» አልኳት።

«ጠይብዬ፣ መርዶ ብቻዬን እንዴት አረዳሻለሁ? ሽማግሌ አለ፣ ሥርዓት አለ።»

«ሥርዓቱ ስንት ሳምንት ይፈጃል?»

«ሐጂን ‹ገና አልተረጋገጠም› አሏቸው። እሳቸው እንዳወቁ በነጋታው ነው የመጡት። በእኔ አትፍረጂ።»

«ሾርባሽን ይዘሽ ውጪ።»

ወጣች። የደረጃው መብራት እስኪጠፋ እዚያው ቆማ ስታለቅስ ሰማኋት። አልከፈትኩም። አልቆጭም።

አያቶቻችን መርዶ የሚያቆዩት ሐዘንተኛው እህል እስኪቀምስ፣ አጠገቡ ሰው እስኪኖር ነበር። እነዚህ ያቆዩት ጉትቻ እስኪያወልቅ ነው።

ነሐሴ 28

እህቴ ከኮምቦልቻ ደወለች። ዐብዱን ወሰዱት።

መናኸሪያ ላይ። ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ። መኪና አቁመው ወጣቱን ሁሉ አፈሱት።

«የወንድሙን መርዶ ወረቀት ይዤ ሮጥኩ» አለችኝ። «አንዱ ሞቷል፣ ይኸው ማኅተሙ፣ ይሄን እንኳ ተዉልኝ አልኩት።»

«ምን አለ?»

«‹ታዲያ ይበቀልለታላ!› ብሎ ሳቀብኝ።»

ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። እጁ ቀዝቃዛ ነው፣ ከሕፃንነቱ ጀምሮ። ሥልጠናው በጥቅምት አጋማሽ ያበቃል፤ ከዚያ ወደ ግንባር። ጦርነቱ ከዚያ በፊት ካልቆመ ዐብዱም ሄደ ማለት ነው። ከእንግዲህ ሌላ ሐሳብ የለኝም፤ ሳጸዳም፣ ስሰግድም፣ ስተኛም ይኸው ነው።

ጳጉሜ 3

ትራም ላይ። ሥራ ረፍዷል። ሬዲዮው «የድርድር ፍንጭ» አለ። ፍንጭ። ልጄን በፍንጭ አላወጣውም።

መስከረም 1

እንቁጣጣሽ ነው። የወርቅውሃ በር ላይ ቢጫ አበባ አየሁ፤ ቀና ሳልል አለፍኩ።

እህቴ ጋ ደወልኩ። ስለ ኑሮ ነገረችኝ። ነዳጅ ለመቅዳት ሰዉ መኪናው ውስጥ ነው የሚያድረው። መምህራኑ ደመወዝ ካዩ ቆይተዋል። ሆስፒታሉ ፋሻ ከቤታችሁ ይዛችሁ ኑ ይላል። ዘይት የሚባል ነገር እንደ ሽቶ በጠብታ ሆኗል። የጎረቤታችን ልጅ ቆስሎ ተመልሷል፤ ቦት ጫማው ግራና ቀኙ የተለያየ ነው አለችኝ፤ አንዱ የሞተ ሰው ጫማ ነው። «መንግሥት ከውጭ ብድር ለምኖ ‹መጀመሪያ ተኩስ አቁም› ተባለ ይላሉ፤ ሊታረቅ ነው መሰለኝ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ስቄ አላውቅም ነበር ከመርዶው ወዲህ። ሳቅኩ። ይሄ ሁሉ ሰው ሲያልቅ ያልታየው፣ ነዳጅ ሲያልቅ ታየ። ሰው በነጻ ነዋ የሚወለደው። ነዳጅ በዶላር ነው።

ይሁን። ለምን እንደሚታረቁ ምን ቸገረኝ? ብቻ ይፍጠኑ።

መስከረም 4

መልአኩ ደወለ። ድምፁ እንደ ማር።

«ወይዘሮ ጠይባ፣ ከእንግዲህ እርስዎ የግል ሰው አይደሉም። የጀግና እናት ነዎት።»

ጀግና ማለት መቃብሩ ያልታወቀ ማለት ነው መሰለኝ።

ጥቅምት ላይ ጄኔቭ፣ የተባበሩት መንግሥታት ፊት ለፊት፣ ድርድሩን የሚቃወም ሰልፍ አለ። እኔ እንድናገር ይፈልጋሉ። ከዚያ በፊት ቤቱ ምሳ ጋበዘኝ፣ «ለማጽናናት» አለ። ስልኩን ልዘጋበት ነበር። «ስለ ታናሹም ልጅዎ የምናወራው አለ» ሲል እጄ ቆመ።

እሄዳለሁ።

መስከረም 9፣ እሑድ

ካሩዥ ሄጄ መጣሁ። ሉበና አልሄድም ብላ ቀረች፤ «ኤርሊኽ እማ፣ የእውነቴን ነው፣ እነሱን ማየት አልፈልግም» አለች። ይቺ ልጅ ሐምሌን ሙሉ ምግብ እምቢ ብላ ነበር፤ ሥራ ልምምዱ ነው ያደከማት ብዬ ነበር። አሁንም ከስታለች። ያን ጥቁር ሻሽ መቼ እንደገዛችው አልጠየቅኳትም።

የመልአኩ ቤት ሰፊ ነው፤ ግድግዳው ላይ ጦርና ጋሻ ሰቅሏል። ባለቤቱ አቅፋኝ አለቀሰች። እንባዋ እውነተኛ ይመስላል፤ ሴትዮዋ ክፉ አይደለችም። እሱ እጄን በሁለት እጁ ያዘ።

ምሳ ላይ ያወራው እሱ ብቻ ነው። «መንግሥት ደክሟል። ካዝናው ባዶ ነው፣ ሠራዊቱ ሳስቷል፣ አበዳሪዎቹ ጉሮሮውን ይዘውታል። አሁን ቢታረቅ የልጅዎን ደም ሸጠው ማለት ነው።»

«ስንት ያወጣል?» አልኩት።

«እንዴት?»

«ደሙ። ገዢ መኖሩን ልወቅ ብዬ ነው።»

ባለቤቱ ሹካዋን አስቀመጠች። እሱ ቀልድ መስሎት ሳቀ። «ትንሽ ብንገፋ እናሸንፋለን፣ ወይዘሮ ጠይባ። ሞመንተሙ የኛ ነው።» ብንገፋ አለ። እጁ ላይ ናፕኪን ነበር።

ልጃቸው ሱራፌል ሻይ አመጣልኝ። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ረጅም፣ ዐይን አፋር። «ነፍስ ይማር፣ ታንቲ» አለኝ፣ አክስቴ ለማለት፣ አማርኛው እየተሰባበረ። ምን እንደሚሠራ ጠየቅኩት። እናቱ ቀድማ መለሰች፤ «የስዊስ ውትድርና ጠርቶት ነበር፣ ሰርቪስ ሲቪል ወደሚሉት ጠመንጃ የሌለበት አገልግሎት አስቀየረ። አሁን ሽማግሌዎች ቤት ነው የሚያገለግለው። አባቱ ነው ማመልከቻውን አብሮት የጻፈው።»

«ለምን?» አልኩ ልጁን።

ጆሮው ቀላ። «እኔ ሰው ላይ መተኮስ አልችልም። ኅሊናዬ… እንዴት ይባላል… እምቢ አለ።»

መልአኩ ጉሮሮውን ጠረገ። «ያ እንኳ ሌላ ነገር ነው። የስዊስ ጦር ጠላት የለውም።»

አገሩ ሰላም ሲሆን ኅሊና ይፈቀዳል፤ ጦርነት ሲኖር ኅሊና ይቀራል፤ ያውም የድሃ ልጅ ኅሊና። ልጁን አልጠላሁትም። እንዲያውም ጎኔ አስቀምጬ ራሱን ላሻሸው ፈልጌ ነበር። ከማልም ዶሮ ማረድ አይችልም ነበር። ጋራዥ ውስጥ ብረት ሲበይድ ነው የኖረ። እሱን ግን ማን ጠየቀው? እኔስ በስልክ ምን አልኩት? እሱ ለራሴ ይቅር።

ስወጣ መልአኩ እስከ ትራሙ ሸኘኝ። እዚያ ነው ዋናውን የተናገረው። «እዚያ ጦሩ ውስጥ ሰው አለን። ዐብዱ ስንቅ ክፍል እንዲመደብ ይደረጋል፤ ከኋላ፣ ከጥይት ሩቅ። እርስዎ ሰልፉ ላይ የምንሰጥዎትን ብቻ ያንብቡ።»

«ምን ይላል?»

«‹አንዱን ሰጥቻለሁ፣ ሁለተኛውንም እሰጣለሁ› ይላል። ልብ ይነካል።»

ትራሙ መጣ። እሺ አልኩት። ምን ልበል?

መስከረም 20

ዐብዱ ደወለ። በሰው ስልክ። ሩቅ ነበር ድምፁ።

«እማ፣ ደህና ነኝ።»

«ትበላለህ?»

«አንዳንዴ።»

«ምን ማለት ነው አንዳንዴ?»

ሳቀ። «ዳቦ ሲመጣ ነዋ!» ተቋረጠ።

መስከረም 27

የሰልፉን ወረቀት ላኩልኝ። ቀስ እያልኩ አነበብኩት። «ሁለተኛውንም እሰጣለሁ።» ሉበና ከኋላዬ ሆና አነበበችው፤ ማንበብ ከእኔ በላይ ያስቸግራታል፣ ግን ይቺን ፊደል በፊደል ቆጥራ አገኘቻት።

«እማ፣ ይሄን ካነበብሽ ቤት አልገባም።»

«ዐብዱን ከጥይት ያወጡታል።»

«የሱን ቦታ ማን ይይዛል? የሌላ ሰው ልጅ አይደል?»

በጥፊ ልመታት እጄን አነሣሁ። አልመታኋትም። እጄ አየር ላይ ቀረ፤ እሷ ራሷ ይዛ አወረደችው።

እናቴ በዚህ ደብተር ላይ ብታየኝ ምን ትለኝ ነበር። ከነሱ ጋር ልነግድ ነው። እነሱ ደም ሸጡ እያልኩ እኔ ምላስ ልሸጥ። ግን ዐብዱ ነው። ዐብዱ እኮ ነው።

ጥቅምት 6፣ ቅዳሜ

ሌሊት ነው፤ ተመልሻለሁ። ከባቡር እንደወረድኩ ነው የምጽፈው፣ ሳይጠፋኝ።

ጄኔቭ ላይ ቢዝ የሚሉት ነፋስ ፊት ይገሸልጥ ነበር። የተሰበረው ወንበር የሚሉት ሐውልት ሥር ብዙ ሰው ቆሟል። «ድርድር ክህደት ነው» ይላል ጨርቁ። ሕፃናቱን ፊታቸውን በባንዲራ ቀለም ቀብተዋቸዋል። ድምፅ ማጉያውን የያዘው ሱራፌል ነው፤ አባቱ አዝዞት ይሆናል፤ ወደ እኔ ማየት ፈራ።

መልአኩ አስተዋወቀኝ። «አንዱን ልጇን ለአገር የሰጠች!» አለ። ተጨበጨበ። ያው የሐምሌው ጭብጨባ ነው፣ የአዳራሹ። ጆሮዬ አወቀው።

ወረቀቱ እጄ ላይ ነበር። አነበዋለሁ ብዬ ነው የወጣሁት፤ ይሄን እውነት ልጻፍ። «አንዱን» የሚለው ላይ ደረስኩ። ከዚያ «ከሙዬ» የሚል ከአፌ ወጣ። እኔ አላወጣሁትም። ዜማው መጣ፤ የኛ አገር የለቅሶ ዜማ፣ እናቴ ታወርደው የነበረው።

ያን ጊዜ አንድ ነገር ሆነ። ሴቶቹ መለሱ። ድርድር አንፈልግም ብለው የመጡት ሴቶች ሁሉ፣ ጨርቁን የያዙትም ጭምር፣ ሳያስቡት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «ወይ፣ ወይ!» አሉ። ሙሾ አውራጅ ሲነሣ መመለስ ነው፤ ደም ውስጥ ነው ያለው፣ ኮሚቴ አይከለክለውም። እናት ደግሞ ስታወርድ ማንም አያቋርጣትም።

ስለዚህ አወረድኩ።

ያንተ ልጅ ኅሊናው ጠመንጃ ሲጠላ፣
የኔ ልጅ ባንተ አፍ ገባና ተበላ።

«ወይ፣ ወይ!»

ነዳጅ ቢያልቅባቸው እርቅ አሰቡ አሉ፣
ልጅ ሲያልቅብን ግና የት ነበሩ ሁሉ።

«ወይ፣ ወይ!» ከኋላ አንድ ሽማግሌ ባርኔጣውን አወለቀ።

አንዱን ወስዳችሁት አላሳያችሁኝ፣
ሁለተኛውን ግን በቁሙ ተዉልኝ።

መልአኩ ለልጁ በእጁ «ዝጋው» የሚል ምልክት ሰጠ፤ ጉሮሮ እንደሚቆርጥ ሰው። ሱራፌል አየው። ከዚያ መሬት መሬቱን እያየ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ድምፁ አልተዘጋም።

ስወርድ መልአኩ ጆሮዬ ሥር መጣ። ፈገግታው አልጠፋም፤ ሰው ያያላ። «ስለ ዐብዱ እንግዲህ እኔን አይጠይቁኝ» አለ።

«መቼም እርስዎን ጠይቄ አልወለድኩትም» አልኩት።

ባቡሩ ላይ ሐጂ አጠገቤ ተቀመጡ። መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ።

«ሙሾ አይፈቀድም፣ ጠይባ።»

«አውቃለሁ፣ ሐጂ።»

«ጮክ ብሎ ማልቀስም።»

«አውቃለሁ።»

ሎዛን አለፈ። ሐይቁ ጠቆረ። ሐጂ መቁጠሪያቸውን ኪሳቸው ከተቱ። «ያቺን የነዳጇን እስቲ ቀስ ብለሽ ድገሚልኝ» አሉ።

ጥቅምት 8

አፌ ልጄን ሊገድለው ነው። ምን ነበር ዝም ብዬ ባነበው? ሁለት ቃል ነበር። ሰው ለልጁ እሳት ይገባል፤ እኔ ወረቀት ማንበብ አቃተኝ። አሁን ሰዉ ቪዲዮውን እየተቀባበለ «አንጀቴን አራስሽው» ይለኛል። የነሱ አንጀት ራሰ፤ የኔ ልጅ ግንባር ነው የሚሄደው።

ሱራፌልንስ ምን አደረግኩት? ስሙን ባልጠራም ሰዉ ሁሉ አወቀው። ለእናቱ መልእክት ልልክ ጀምሬ ተውኩት።

ጥቅምት 13

እህቴ ዐብዱን ስልክ አጣሁት አለች። ካምፑ ተነሥቷል የሚልም አለ። ወዴት?

ጥቅምት 17

የአረጋውያኑ ቤት ኮሪደር ላይ ሁለት ጊዜ አንድ ቦታ ወለወልኩ። አለቃዬ ቤትሽ ሂጂ አለችኝ። ቤቴ ምን አለ?

ጥቅምት 19

ወርቅውሃ በር ላይ ሾርባ አስቀምጣ ሄደች። ሳህኑን አጥቤ መለስኩላት። አልተነጋገርንም። ሾርባው ጨው በዝቶበታል፤ ጨርሼዋለሁ።

ጥቅምት 24

ተኩስ ቆመ አሉ።

ፈረሙ። ቴሌቪዥኑ ላይ ሰዎቹ ሙሉ ልብስ ለብሰው ተጨባበጡ። በፍርፍር የተጣሉ ወንድማማቾች ይመስላሉ፤ ተሳሳቁ። አዋቂ የተባለው ሰውዬ ቀርቦ አብራራ፤ ጦርነቱ በቀን ይሄን ያህል ይበላ ነበር፣ ዕዳው ይሄን ያህል ደርሷል፣ አሁን ብድር ይለቀቃል፣ የዶላር ዋጋ ይረጋጋል። ስለ ሰው ሲጠየቅ «ከፍተኛ መሥዋዕትነት» አለና ወደ ዶላሩ ተመለሰ።

መልአኩም በኢንተርኔት ቀርቦ ነበር። ጦሩና ጋሻው ከጀርባው የለም። «እኛ ከመጀመሪያውም የሰላም ሰዎች ነን» አለ። ቀጥሎ ለመልሶ ግንባታ መዋጮ እንደሚጀመር ተናገረ። ሉበና ስልኩን ከእጄ ወሰደችው፣ እንዳልሰብረው።

ከዐብዱ ወሬ የለም። የሥልጠናው ጊዜ አልቋል። ፈረሙ እንጂ ማን ቀድሞ እንደሄደ ማን ያውቃል? እርቅ ዘግይቶ የሚደርስበት ቤት አለ።

ጥቅምት 27

የለም።

ጥቅምት 28

የለም። ወርቅውሃ ወርዳ አብራኝ ተቀመጠች። «ውጪ» አላልኳትም። ስልኩን እያየን አመሸን። «በእኔ አትፍረጂ» ስትለኝ፣ «ዝም ብለሽ ተቀመጪ አንቺ ቅብጥብጥ» አልኳት። አለቀሰች።

ኅዳር 2

ዐብዱ ቤት ገባ!

ከእህቴ ስልክ ነው የደወለው። ድምፁን ሰምቼ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ሉበና ከጀርባዬ አቀፈችኝ፤ ወርቅውሃ እልል ልትል አፏን ከፍታ ከታች ያለችው አሮጊት ትዝ አለቻትና በእጇ ዘጋችው።

«እንዴት ለቀቁህ?»

«ስንቅ አለቀ፣ እማ። ዳቦ ሦስት ቀን አልመጣም። ከዚያ አዛዡ ‹የምትችሉ በእግራችሁ ወደየቤታችሁ› አለ። ከመፈራረማቸው በፊት ነው። ዐሥር ቀን በእግር መጣን።»

እንዲህ ነው እንግዲህ። የኔ ሙሾ አላወጣውም። መልአኩም አላወጣውም። የፈረሙትም አላወጡትም። አንዱን ልጄን ጥይት ወሰደው፤ ሌላውን የዳቦ እጥረት መለሰልኝ። ማንን ላመስግን? ባዶውን ጆንያ?

«እማ፣ ከከማል ጋር የነበረ ሰው መንገድ ላይ አገኘሁ» አለ ዐብዱ።

ገብርኤል የሚባል ነው። አንድ ምሽግ ውስጥ ነበሩ። ከማል የተቀበረው ማሽላ እርሻ ጠርዝ ላይ ነው፣ አንድ ጉድጓድ ውስጥ፣ ከብዙዎች ጋር። እስላምና ክርስቲያን አልተለየም፤ የኛና የነዚያም ቢሆን በውል አልተለየም፤ ጨለማ ነበር፣ ይቸኩሉ ነበር። ገብርኤል ከማል ላይ አፈር ሲመልስ የሚቀራለት ሰው አጣ። «የእስላሙን አላውቅም፤ ስለዚህ አባታችን ሆይ አልኩለት፤ እናቱ ካዘነችብኝ ይቅር በይኝ ብላችሁ ንገሯት» ብሎ ልኮልኛል።

አላዘንኩበትም። ገብርኤል ሆይ፣ በዚያ ሁሉ ሰው መሃል ለልጄ ቃል ያወጣህ አንተ ብቻ ነህ።

ደብተሩ ሊያልቅ ነው። ሉበና አማርኛ በደንብ አታነብም፤ ስለዚህ ከእኔ በኋላ ይህን የሚያገኘው የማላውቀው ሰው ነው። ለእሱ ነው የምጽፈው። እስላም ከሆንክ ፋቲሓ ቅራ፤ ክርስቲያን ከሆንክ ያንተን ጸልይ፤ ሴትም ብትሆኚ እንዲሁ። ለከማል ብቻ አትበሉ፤ በዚያ ጉድጓድ ማንን ከማን ትለያላችሁ? አጠገቡ ላለው፣ ከሥሩ ላለው፣ ስሙ ለማይታወቀው፣ የነዚያ ልጅ ለሆነውም ጭምር በሉ። እናቶቻቸው የት እንደተኙ አያውቁም። እናንተ አሁን አወቃችሁ። ዱዓ አድርጉላቸው።